ታሪፉ ሳይቆረጥ የታዘዘ ካርድ፦ የሲድኒ የክፍያ ሥርዓት ከቲካርድ እስከ ሜትሮ

ሜይ 26 ቀን 2019 ሲድኒ የመጀመሪያዋን ሜትሮ ከፈተች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከታላዎንግ እስከ ቻትስውድ 36 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ፣ 13 ጣቢያዎች ያሉት፣ ሹፌር የሌለው ባቡር ነው። ዕለቱ እሑድ ስለነበረና ጉዞውም በነፃ ስለተፈቀደ የከተማው ሰው ልጆቹን ይዞ ሊያየው ወጣ። ነፃው ቀን ሲያልፍ ተሳፋሪው በአውቶቡስና በጀልባ ሲጠቀምበት የቆየውን ኦፓል ካርድ በሩ ላይ አስነክቶ ገባ። አዲስ ካርድ ማውጣትም ሆነ አዲስ ታሪፍ መማር አላስፈለገውም።

ለአዲስ ሜትሮ ይህ ብርቅ ነገር ነው። በብዙ ከተሞች ሐዲዱ ተዘርግቶ፣ ባቡሩ ገብቶ፣ ሪባን ሊቆረጥ ቀናት ሲቀሩ የሚያጣድፈው የክፍያ ሥርዓቱ ነው። ሲድኒም እዚህ የደረሰችው አንድ ጊዜ ክፉኛ ከወደቀች በኋላ ነው። የውድቀቱም የስኬቱም መንስኤ፣ እኔ እንደማየው፣ ከቴክኖሎጂው ይልቅ ታሪፉ ላይ ነው። ተሳፋሪው ምን ያህል ይክፈል የሚለውን ባለቤቱ ሳይወስን ማሽኑን ካዘዘ፣ የትኛውም ተቋራጭ ሊያድነው አይችልም።

የመጀመሪያው ሙከራ

ሲድኒ የምትገኝበት ክፍለ ሀገር፣ የኒው ሳውዝ ዌልስ መንግሥት፣ በ1990ዎቹ የተነሣበት ሐሳብ ሲሰሙት ቀላል ነበር። ባቡሩ፣ የመንግሥት አውቶቡሱ፣ ጀልባውና የግል አውቶቡሶቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ትኬት ይሠሩ ስለነበር፣ በሁሉም ላይ የሚሠራ አንድ ካርድ ይውጣ ተባለ። የጊዜ ገደቡም የ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ እንዲሆን ታሰበ። ካርዱ በኋላ ቲካርድ ተባለ።

ኦሊምፒኩ መጥቶ ሄደ፤ ካርዱ ግን ገና ጨረታ ላይ ነበር። የተሸነፈው ተጫራች፣ የአሜሪካው የክፍያ ሥርዓት ኩባንያ ኪዩቢክ፣ የጨረታው አካሄድ ፍትሐዊ አልነበረም ብሎ መንግሥትን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2002 ክሱን ውድቅ አደረገው። ከዚያ በኋላ ውሉ በ2003 ኢአርጂ የተባለ ኩባንያ ለሚመራው ጥምረት ተሰጠ።

ኢአርጂ ጀማሪ አልነበረም። መሠረቱ በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ ሲሆን፣ በ1997 ሥራ የጀመረውን የሆንግ ኮንግ ኦክቶፐስ ካርድ በመሥራት ተሳትፏል። ኦክቶፐስ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ ካርድ የተሠራጨበት፣ ዓለም እንደ አርአያ የሚጠቅሰው ሥራ ነው። ታዲያ ሆንግ ኮንግ ላይ የተሳካው ኩባንያ በገዛ አገሩ ሲድኒ ላይ ለምን ተሰናከለ?

አንዱ ልዩነት የባለቤትነት ነው። በሆንግ ኮንግ አምስት የትራንስፖርት ድርጅቶች ተሰባስበው የካርዱን ኩባንያ በጋራ አቋቁመዋል። እያንዳንዱ የራሱን ታሪፍ ይዞ ቢገባም፣ ካርዱ ካልሠራ የሚከስረው ራሱ ነበር፤ ስለዚህ ውሳኔ የሚያሰጥ ጉዳይ ሲነሣ የሚወስን ሰው ጠረጴዛው ላይ ይገኛል። በሲድኒ ግን ካርዱን ያዘዘው መንግሥት ሲሆን፣ ታሪፉ በየተቋሙ እጅ ተበትኖ ነበር።

ሁለተኛው ልዩነት የታሪፉ መልክ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል።

በዚያን ጊዜ የነበረውን የሲድኒ ታሪፍ እንመልከት። በባቡር በርቀት ይከፈላል፤ በዚያ ላይ የአንድ ጉዞ፣ የደርሶ መልስ፣ ከጥድፊያ ሰዓት ውጭ የደርሶ መልስ፣ የሳምንትና የዓመት ትኬቶች ነበሩ። አውቶቡስ በ«ሴክሽን» ይከፈላል፤ አንዱ ሴክሽን 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሚቆጠረውም አውቶቡሱ በሚሄድበት መንገድ ነው። የአሥር ጉዞ ትኬቶች እንደ ርቀቱ በቀለም ይለያያሉ፤ ጀልባው የራሱ የአሥር ጉዞ ትኬት ነበረው። ባቡር፣ አውቶቡስና ጀልባን አንድ ላይ የያዙ የሳምንት ትኬቶችም በየቀለማቸው ነበሩ። ጡረተኞች በጣም ርካሽ የቀን ትኬት፣ ተማሪዎች ነፃ የትምህርት ቤት መጓጓዣ ነበራቸው። የግል አውቶቡሶች ደግሞ በራሳቸው ዓለም ይኖሩ ነበር።

ይህ ሁሉ በወረቀት ትኬት ሲሠራ ኖሯል። የወረቀት ትኬት ያልተወሰነ ነገርን ይችላል። ሹፌሩ ትኬቱን በዓይኑ አይቶ፣ ፊትን መርምሮ፣ «ይሁን፣ ይግቡ» ይላል። የታክሲ ረዳት አንድ ፌርማታ ቀድሞ ለሚወርድ ሰው ምን እንደሚያስከፍል ማንም ጽፎ አልሰጠውም፤ ከተሳፋሪው ጋር ተነጋግሮ ይጨርሰዋል። ካርድ ማንበቢያ ግን አይነጋገርም። በር ላይ ያለው መሣሪያ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይከፈት ወይም አይከፈት፣ ስንት ይቀነስ ብሎ መወሰን አለበት። ይህን የሚወስነው ደግሞ ቀድሞ በተጻፈለት ደንብ ብቻ ነው።

አንዲት ጡረተኛ ጠዋት በግል አውቶቡስ ወጥተው፣ በባቡር ወደ መሀል ከተማ ገብተው፣ ከሰዓት በኋላ በጀልባ ተሻግረው በሌላ አውቶቡስ ቢመለሱ፣ የቀን ትኬቱ የሚጀምረው ከየትኛው ነው? የግል አውቶቡሱ ድርሻ ስንት ነው? ከጀልባው ሲወርዱ ካርዱን ማስነካት ቢረሱስ? እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ ይፈልጋል፤ መልሱም ሶፍትዌር ውስጥ ይገባል፣ ይፈተናል፣ አንዱ ሲቀየር ሌላው እንዳይበላሽ እንደገና ይፈተናል። ደንቡ በአሥር ሲጨምር የሚፈተነው የደንብ ቅንብር በመቶዎች ይጨምራል። ሥራ አስኪያጆች የሚያዩት የሥራ መርሐ ግብር ላይ ግን ይህ ሁሉ «የሶፍትዌር ልማት» ተብሎ በአንድ መስመር ይቀመጣል።

በቲካርድ የተፈለገው ነባሩ ታሪፍ እንዳለ ወደ ካርድ እንዲገባ ነበር። ምክንያቱን መረዳት አይከብድም። ታሪፍ ሲቀልል የሚጠቀም እንዳለ ሁሉ የሚጎዳም አለ፤ የሚጎዳው ደግሞ መራጭ ነው። የመንግሥት ሰው ያንን ፊት ለፊት ከመጋፈጥ ጉዳዩን ለተቋራጩ ማስተላለፍ ይቀለዋል። የተላለፈው ሥራ ግን ቴክኒካዊ መስሎ ቢታይም በመሠረቱ ፖለቲካዊ ውሳኔ ነበር፤ ተቋራጭ ደግሞ የፖለቲካ ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን የለውም።

የቲካርድ የተማሪዎች ካርድ በ2005 ተጀመረ፤ በአውቶቡሶች ላይም ሙከራ ተደረገ። ቀነ ገደብ በቀነ ገደብ ላይ አለፈ። በ2007 መገባደጃ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ጆን ዋትኪንስ መንግሥት ውሉን ሊያቋርጥ መሆኑን አሳወቁ፤ በጃንዋሪ 2008 ውሉ ተቋረጠ። መንግሥት ተቋራጩ ቃሉን አልጠበቀም አለ፤ ተቋራጩ ደግሞ የተሰጠኝ ታሪፍ እጅግ የተወሳሰበ ነው አለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዶ መንግሥት ካሳ ሲጠይቅ፣ ኩባንያው ከዚያ የበለጠ ጠይቆ የመልስ ክስ አቀረበ። ክርክሩ በስምምነት የተዘጋው በ2012 ነው።

ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ቀነ ገደቦቹ መታለፋቸው አያጠያይቅም። ታሪፉ መወሳሰቡም እንዲሁ። ነገር ግን ተቋራጩ የታሪፉን ሁኔታ ሳያውቅ አልፈረመም፤ ጨረታውን ለማሸነፍ «ይቻላል» ብሎ ፈርሟል። ለሁሉም ነገር «ይቻላል» የሚል ተጫራች ሲመጣ ገዥው ደስ ሊለው አይገባም፤ እንዲያውም «ይህን ደንብ ብታነሱልኝ ዋጋዬ ይህን ያህል ይቀንሳል» የሚለውን ተጫራች አብልጦ ሊያደምጥ ይገባል።

ካርድ የሌለበት ማሻሻያ

ከውድቀቱ በኋላ የተደረገውና ከሁሉ የሚበልጠው እርምጃ ካርድም ማሽንም የለበትም። በኤፕሪል 2010 መንግሥት «ማይዞን» የተባለ ታሪፍ አወጣ። ሁሉም ነገር በወረቀት ትኬት እንደ ነበረ ቀጠለ፤ የተቀየረው ሠንጠረዡ ብቻ ነው። የባቡር ዋጋ ወደ አምስት ደረጃ፣ የአውቶቡስ ወደ ሦስት፣ የጀልባ ወደ ሁለት ወረደ። ሁሉን ያካተቱት ባለብዙ ቀለም ትኬቶችም ወደ ሦስት ዓይነት ተሰበሰቡ። የግል አውቶቡሶችም እዚያው ሥርዓት ውስጥ ገቡ።

ይህን በወረቀት ማድረግ የነበረውን ጥቅም አስቡት። የሚያማርረው ሰው አማረረ፣ ጋዜጣው ጻፈ፣ መንግሥት መልስ ሰጠ፤ በዚህ ሁሉ መካከል በቀን ዋጋ የሚያስቆጥር ተቋራጭ በር ላይ ቆሞ አይጠብቅም ነበር። የታሪፉ ክርክር ከካርዱ ክርክር ተለየ። ቀጥሎ የመጣው ተቋራጭ የሚሠራበት ሠንጠረዥ ሕዝብ የለመደው፣ የተፈተነና አጭር ሆኖ ጠበቀው።

ከዚያ በኋላ በሜይ 2010 አዲሱ ውል ተፈረመ። ያሸነፈው ኪዩቢክ የሚመራው፣ ኮመንዌልዝ ባንክ ያለበት ጥምረት ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ፍርድ ቤት የተረታው ኩባንያ አሁን ዋናውን ሥራ ያዘ። ዋጋው 1.2 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሲሆን፣ መገንባትን ብቻ ሳይሆን ለዓመታት ማስኬድንም ይጨምራል። ሠሪው ራሱ ማሽኑን የሚያስኬድ ከሆነ፣ ርክክብ ለማግኘት ሲል የሸፋፈነው ጉድለት ነገ የራሱ ራስ ምታት ስለሚሆን ይህ አደራረግ ጥሩ ነው። በኖቬምበር 2011 ደግሞ የክፍለ ሀገሩ ትራንስፖርት በሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ገባ፤ ትራንስፖርት ፎር ኒው ሳውዝ ዌልስ ተባለ። ባቡሩ «እኔ አልተጠየቅሁም»፣ ጀልባው «የእኛ የተለየ ነው» የሚልበት ዘመን አበቃ።

ቀጥ ያለ መስመር

አዲሱ ካርድ ኦፓል ተባለ። ስለ ኦፓል ሲወራ የሚነሣው ካርዱ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የአውቶቡስ ክፍያ ስሌቱ ነው።

በቀድሞው አሠራር አውቶቡሱ ስንት ሴክሽን እንደሄደ ለማወቅ፣ ማሽኑ እያንዳንዱን መስመር፣ እያንዳንዱን ፌርማታና የሴክሽን ድንበሩን ሁሉ ማወቅ ነበረበት። መንገድ ተዘግቶ አውቶቡሱ ዞሮ ሲሄድ ስሌቱ ይናጋል። መስመር ሲቀየር ሠንጠረዡ እንደገና ይጻፋል። በኦፓል ግን የመሣፈሪያውና የመውረጃው ነጥብ በሳተላይት ይያዛል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት ይለካል፤ እስከ 3 ኪሎ ሜትር አንድ ዋጋ፣ ከ3 እስከ 8 ሁለተኛ፣ ከ8 በላይ ሦስተኛ። በቃ። አውቶቡሱ ሰፈር ለሰፈር ቢዞር ተሳፋሪው አይቀጣም። መስመሩ ነገ ቢቀየር የታሪፉ ሶፍትዌር አይነካም። ባቡሩ በሐዲዱ ርዝመት፣ በአምስት ደረጃ ይቆጠራል።

በፖሊሲ ወረቀት ላይ የተጻፈች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከተቋራጩ ትከሻ ላይ ስንት የሥራ ወር እንዳነሣች ለመገመት የሶፍትዌር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ሥርጭቱም በጥንቃቄ ተመርጦ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሙከራ በዲሴምበር 2012 የተደረገው በኒውትራል ቤይ የጀልባ መስመር ላይ ነው። አጭር፣ ጥቂት ማቆሚያ ያለው፣ ካርዱ እንቢ ቢል ሠራተኛ በአካል ቀርቦ የሚረዳበት መስመር ነበር። ሌሎች ጀልባዎች ተከተሉ፣ በ2013 አጋማሽ ባቡሮች ጀመሩ፣ አውቶቡሶቹና ቀላል ባቡሩ በ2014 መጨረሻ ተጠቃለሉ። አውቶቡስ ከመጨረሻዎቹ ውስጥ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች፣ እያንዳንዱ በሹፌር እጅ፣ እያንዳንዱ ያለበትን ቦታ በሳተላይት የሚያውቅ፣ ሌሊት ጋራዥ ውስጥ ብቻ የሚገጠም። የወረቀት ትኬትም ወዲያው አልተቆረጠም፤ ጎን ለጎን ሄዶ ጨርሶ የቆመው በኦገስት 2016 ነው። ሁለት ሥርዓት አብሮ ማስኬድ ወጪ አለው፤ ነገር ግን አዲሱ ሲደናቀፍ ከተማዋን ከመቆም የሚያድናት እሱ ነው።

የማቅለሉን ዋጋ መደበቅ አይገባም። የሳምንትና የዓመት ትኬት የለመዱ፣ በተለይም በባቡርም በአውቶቡስም በብዛት የሚጓዙ ሰዎች፣ ኦፓል ላይ ተጨማሪ ገንዘብ ከኪሳቸው ወጣ። ከባቡር ወደ አውቶቡስ ሲዘዋወሩ እንደ አዲስ ይከፍሉ ነበር፤ ለዚህ የ2 ዶላር ቅናሽ የተደረገው በሴፕቴምበር 2016 ነው። ይህ ቅሬታ ትክክለኛ ቅሬታ ነበር፣ ቀድሞም ሊታሰብበት ይገባ ነበር።

ሌላው ደግሞ ታሪፍ ባህርይን እንደሚቀርጽ ያሳየ ነው። በኦፓል መነሻ ደንብ በሳምንት ስምንት ጊዜ ከፍሎ የተጓዘ ሰው የቀረውን ሳምንት በነፃ ይሄድ ነበር። ሕጉ የታሰበው ለሠራተኛው ውለታ ነው። ግን ደንቡ የሚቆጥረው የጉዞን ብዛት እንጂ ርዝመቱን አይደለም። ስለዚህ ሰዎች ሰኞና ማክሰኞ አጠገብ ለአጠገብ ባሉ ማቆሚያዎች መካከል ካርድ እያስነኩ ስምንቱን አጭርና ርካሽ ጉዞ ቶሎ መሙላት ጀመሩ፤ ከረቡዕ በኋላ ሩቅ መንገዳቸውን በነፃ ይሄዳሉ። ማሽኑ አልተሳሳተም፣ የተጻፈለትን በትክክል ፈጸመ። በዚያው ሴፕቴምበር 2016 ነፃው ጉዞ ወደ ግማሽ ዋጋ ተቀየረ። ልብ በሉ፦ ደንቡ አጭር ስለነበር ማስተካከያውም አጭር ሆነ። በቲካርድ ዘመን ታሪፍ ላይ ቢሆን ኖሮ አንዱን ድንጋይ ማንሣት ስንቱን ያናጋ ነበር።

ሜትሮው ሲመጣ

የሰሜን ምዕራቡ ሜትሮ የማስኬጃ ውል በ2014 ሲፈረም፣ ከአሸናፊዎቹ መካከል የሆንግ ኮንጉ የባቡር ኩባንያ ኤምቲአር ነበረበት፤ ከኦክቶፐስ መሥራቾች አንዱ ማለት ነው። ባቡሩን የሚያስኬደው የግል ጥምረት ቢሆንም የራሱን ትኬት ይዞ እንዲመጣ አልተደረገም። ሜትሮው የባቡሩን ታሪፍ፣ በዚያው የርቀት ደረጃ ተቀበለ።

አዲስ ሜትሮ የሚያስገነባ ሰው እዚህ ላይ ሊያተኩር ይገባል። ታሪፉና ዋናው የሒሳብ ሥርዓት አስቀድመው ካሉ፣ በሜትሮው የግንባታ መርሐ ግብር ውስጥ የሚቀረው የክፍያ ሥራ የሚጨበጥ ይሆናል። በየጣቢያው ስንት በር ያስፈልጋል? ይህ የሚሰላው በጥድፊያ ሰዓት አንድ ባቡር በሚያራግፈው ሰው ነው። የኤሌክትሪክና የመረጃ ገመድ ቱቦው ወለሉ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት በትክክለኛው ቦታ ተቀብሯል? የበሩ ተቋራጭ ሲመጣ ወለሉ ደርቆ ቱቦው ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ካገኘው፣ ግንባታውን የያዘው ሲቪል ተቋራጭ «ሥዕሉ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ» ይላል፣ ጠብ ይጀመራል። የእሳት ማንቂያ ሲጮኽ በሮቹ ሁሉ በራሳቸው ይከፈታሉ? ይህን ሲቪሉም፣ የባቡሮቹን እንቅስቃሴ የሚቆጣጠረው የምልክት ሥርዓቱም፣ የክፍያውም ሰው አብረው ካልፈተኑት ማንም ኃላፊነት አይወስድም። እነዚህ ከባድ ሥራዎች ናቸው፤ ግን የሚለኩ፣ ቀን የሚቆረጥላቸው፣ አንድ መሐንዲስ ፈርሞ የሚረከባቸው ናቸው። «ጡረተኛዋ ስንት ይክፈሉ» የሚለው ጥያቄ አብሯቸው ሲደባለቅ ነው መርሐ ግብሩ የሚፈርሰው።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2015 ሥራ ሲጀምር ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፤ ትኬቱም ወረቀት። ብዙ ሰው ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ያየዋል። እኔ በወረቀቱ አልከራከርም። ሦስት ደረጃ ያለው ታሪፍ ግን ሲድኒ በአውቶቡሶቿ ላይ ከስንት ዓመት ልፋት በኋላ የደረሰችበት ነገር ነው፤ አዲስ አበባ ባቡሩንና አውቶቡሱን በአንድ ካርድ ለማስተሳሰር ስትነሣ ይህን ቅለት ይዛ መነሣት ትችላለች። ለእያንዳንዱ ድርጅት የየራሱ ልዩ ቅናሽና ልዩ ትኬት መጨመር ከተጀመረ ግን ካርዱ ሳይገዛ ችግሩ ተገዛ ማለት ነው።

በቻትስውድ ጣቢያ ሜትሮና ነባሩ ባቡር በአንድ መድረክ ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ተሳፋሪው ካንዱ ወርዶ፣ ካርድ ሳያስነካ፣ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ በሌላው ይሳፈራል፤ ዋጋው እንደ አንድ ጉዞ ይቆጠርለታል። በኦገስት 2024 ሜትሮው ከቻትስውድ ወደ መሀል ከተማና ወደ ሲደናም ሲቀጥል አዲሶቹ ጣቢያዎች በዚሁ ደንብ ገቡ። ከዚያ ወር ቀጥሎ፣ ሴፕቴምበር 30፣ ከሲደናም እስከ ባንክስታውን ያለው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የባቡር መስመር ወደ ሜትሮ ሊለወጥ ተዘጋ። መድረኮቹ መስተካከል፣ የመድረክ በሮች መገጠም፣ የምልክት ሥርዓቱ መለወጥ ነበረባቸው። የተሳፋሪው ካርድና የሚከፍልበት ሠንጠረዥ ግን ሊለወጡ ከሚገባቸው ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም።